ኖሮ እና ኖራ

ቦንጋ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለውድ ጓደኛዬ ለይመኙሻል፣

ሰላምታዬ እንደ መንደርሽ እንደ ደካ ጭቃ ይጣበቅብሽ! ኃይለመስቀል፣ ልጆቹ፣ ቀፎዎቹም ሳይቀሩ እንዴት ከረሙ? በጾሙ መካከል የጻፍሽልኝን ደብዳቤ እስከ ዛሬ ሳልመልስ መቆየቴን ይቅር በዪኝ። ስለ ጉልበቴ ለጠየቅሽኝ፣ ተሽሎኛል። አዲስ የመጣው ሐኪም «ዳገትና ቁልቁለት ቀንሺ» ብሎኛል። ቦንጋ ውስጥ ዳገትና ቁልቁለት መቀነስ ማለት ከቤት አለመውጣት መሆኑን ገና አላወቀም፤ ይማራል። ባለቤቴም ልጄ ፀደንያም ደህና ናቸው። ፀደንያ ያንቺን ማር በእንጀራ ካልቀባሁላት ትምህርት ቤት አልሄድም ማለት ጀምራለች።

የዘገየሁት መልስ አጥቼ አይደለም፤ ከመልሱ ጋር የምልከውን ወረቀት ስጠብቅ ነው። ወረቀቱ እነሆ። ባለፈው መስከረም ከማስተማር ወጥቼ ትምህርት መምሪያው ውስጥ የመምህራን ዝውውር ጠረጴዛ ላይ መቀመጤን ታውቂያለሽ። ዘንድሮ እዚህ ከተማ አንዲት የአማርኛ መምህርት ጡረታ ይወጣሉ። ቦታው ክፍት ነው። ገጠር በቆየሽበት ዓመት፣ በሥራ ግምገማሽ፣ በሁሉም ነጥብ ደመርኩት፤ ከአመልካቾቹ ሁሉ የምትበልጪው አንቺ ነሽ። ማንም ሰው ፊትሽን አይቶ የሚሰጥሽ አይደለም፤ በነጥብሽ የመጣ ነው። አንቺ ግን ማመልከቻ አላስገባሽም። ፎርሙን ሞልቼዋለሁ፤ ፊርማሽ ብቻ ነው የቀረው። እስከ ሰኔ 30 እጄ ካልገባ ቦታው ለተከታዩ ሰው ያልፋል።

እትዬ ብርቄ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት አይቼልሻለሁ። ውሃው ግቢው ውስጥ ነው፤ ባልዲ ተሸክመሽ አትወጪም፣ አትወርጂም። ልጆችሽ ከፀደንያ ጋር አብረው ይማራሉ። ኃይለመስቀልም ቢሆን ጫካ እዚህም አለ፣ ንብ እዚህም አለ።

እባክሽ ይመኙሻል፣ እምቢ እንዳትዪኝ። ቦንጋ ያንቺ ነው።

የሁልጊዜ ጓደኛሽ
ትርንጎ


ደካ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 1996 ዓ.ም.

ውዴ ትርንጎ፣

እንኳን ጉልበትሽ ተሻለሽ። ሐኪሙን ወደ እኛ ላኪልን፤ እዚህ ደግሞ «ጭቃ ቀንሱ» ይበለን።

ደብዳቤሽን ጋሽ ሀብተ ማርያም ባለፈው ሐሙስ በአይሱዙዋቸው አምጥተውልኛል፤ ስኳሩንም ጠመኔውንም እንደዚያው። እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ልጆቹ ለጠየቅሽኝ፣ ትንሹን ሳሉ ለቆታል። ስለ ማሩ ደግሞ ዘንድሮ ነጩ ከአምናው ይበልጣል ይላል ኃይለመስቀል፤ ትልቁን ጣሳ ላንቺ አስቀምጫለሁ። ፎርሙንም አየሁት። ማኅተሙ ያምራል።

እንዳትቆጪኝ። ስለ ፎርሙ ገና ምንም ማለት አልችልም። ኃይለመስቀልም አይቶታል። ሁለቴ አነበበው፣ አጥፎ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አስቀመጠው፣ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ ባዶ ቀፎ ሲጠርግ ዋለ። ሰውየው ሲጨንቀው ቀፎ ይጠርጋል። እኔም ሲጨንቀኝ ደብተር አርማለሁ። ሁለታችንም ሰሞኑን ቤታችንን ሥራ በሥራ አድርገነዋል።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ምንድን ነው እንዲህ የሚያስቸኩልሽ? አሥር ዓመት ሙሉ ስኳር ሲወደድ ስኳር፣ ጠመኔ ሲጠፋ ጠመኔ፣ ልጅ ስወልድ ጨርቅ ስትልኪልኝ ኖረሻል። ደግ መሆንሽን አውቃለሁ። ግን እኔ ዘንድ ሲደርስ ደግነትሽ ስለት ያለበትን ሰው ይመስላል። «ቦንጋ ያንቺ ነው» ማለት ደግሞ ምን ማለት ነው? ቦንጋ የሕዝብ ነው።

ለማንኛውም የሰሞኑን ሥራዬን ላጫውትሽ። ሰባተኛ ክፍል «ኖሮ»ን እያስተማርኩ ነው። «ብመጣ ኖሮ፣ ባይዘንብ ኖሮ» የሚለውን። አፋቸውን በካፊኖኖ ፈትተው አማርኛን ከእኔ የተማሩ ልጆች ናቸው፤ ሌላውን ሁሉ በደንብ ያዙልኝ፣ ይህቺ ግን አስቸገረቻቸው። ሰሌዳው ላይ «ትናንት ባይዘንብ ኖሮ ኳስ እንጫወት ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ወንጌላዊት የምትባል ተማሪዬ እጇን አወጣችና፣ «መምህርት፣ ግን እኮ ዘንቧል» አለችኝ። አዎ ዘንቧል፣ ባይዘንብ ብለን ነው የምናስበው አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ «ታዲያ የዘነበውን ዝናብ የት እናደርገዋለን?» አለች። ክፍሉ ሁሉ እኔን ያያል። ደወሉ አዳነኝ።

ለጥያቄዬ መልስ እጠብቃለሁ። እውነቱን ጻፊልኝ።

ይመኙሻል


ቦንጋ፣ ግንቦት 14 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይመኙሻል፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ጠይቀሽኛልና እውነቱን እነግርሻለሁ፤ ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን አድርጊኝ።

መስከረም 1986ን ታስታውሻለሽ። ከማሠልጠኛ ወጥተን እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሥራ አንድ አዲስ መምህራን ተሰብስበን፣ የመምሪያው ጋሽ አባተ ምድብ ቦታችንን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው፣ ጠቅልለው ባርኔጣቸው ውስጥ ጨመሩት። «ሁሉም ሰው አውጥቶ ሳይጨርስ የሚከፍት ዕጣውን ተነጠቀ!» አሉ። አንቺ ከእኔ ቀጥለሽ አወጣሽ። ጋሽ አባተ ወደ ኋላ ረድፍ ባርኔጣቸውን ይዘው ሲሄዱ፣ «እጄ ዕድል የለውም፣ ያንቺ እጅ ቀና ነው፣ ሁለታችንም ሳናይ እንለዋወጥ» አልኩሽ። አንቺ ሳቅ ብለሽ ሰጠሽኝ። ምንም አልጠየቅሽኝም። ሲከፈት ለእኔ ቦንጋ ሆነ፣ ላንቺ ደካ።

ሁለታችንም ሳናይ አልነበረም። እኔ አይቼ ነበር። ቀሚሴ ኪስ ውስጥ በአውራ ጣቴ ፈታ አድርጌ፣ ሰርቄ አየሁት። ደካ ይላል። በደካ አሥራ ሦስቱንም ወር ይዘንባል ሲሉ ሰምቼ ፈርቼ ነበር። ካየሁ በኋላ ነው «እንለዋወጥ» ያልኩሽ።

እንግዲህ ይኸው ነው። ስኳሩም ጠመኔውም ጨርቁም ይህ ነው።

ካንቺ የደበቅሁት ሌላም ነገር አለ። አንቺ ሳታውቂ ቦንጋ ውስጥ አሥር ዓመት ኖረሻል። እኔ አኑሬሻለሁ። ገበያ ስሄድ አይሻለሁ፤ ጥሩ ጫማ አድርገሻል፣ ጭቃ አይነካሽም። በክረምት ትምህርት ዲግሪሽን ይዘሻል፣ ከላይ ሰፈር ቤት ሠርተሻል፣ በረንዳው ላይ አበባ አለ። ደሞዜ ባደገ ቁጥር «ይህ የእሷ ነበር» እላለሁ። ጥሩ ነገር በደረሰኝ ቁጥር ያችኛዋ ይመኙሻል ከጀርባዬ ቆማ ታየኛለች። አትቆጣም። ዝም ብላ ታየኛለች፤ እሱ ነው የባሰው።

ከሁሉም የከፋው ግን የአባትሽ ነው። በ1990 ክረምት አባትሽ ያረፉ ጊዜ መርዶው እኔ ዘንድ ቀድሞ ደረሰ፣ ያንቺ መንገድ ተቆርጦ ነበር፣ አንቺ ለቀብር ሳትደርሺ ቀረሽ። ቦንጋ ብትሆኚ ኖሮ በማግሥቱ ትደርሺ ነበር። ይህን ስድስት ዓመት ሙሉ ስቆጥረው ኖሬያለሁ።

ፎርሙ ዕጣሽ ነው። እየመለስኩልሽ ነው። እባክሽ ተቀበዪኝ፤ ከዚያ ብትፈልጊ አታናግሪኝ።

ትርንጎ


ቦንጋ፣ ሰኔ 6 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይመኙሻል፣

ሦስት ሳምንት ሆነ። ጋሽ ሀብተ ማርያም ሁለት ጊዜ መጥተው ከደካ መለስ ካለ መንደር ነው የመጣሁት፣ ያንቺን ደብዳቤ አላገኘሁም አሉኝ። ዓይናቸውን ሳይ አዝነውልኛል፤ ምን እንደሆነ ግን አያውቁም። ከተቆጣሽ ልክ ነሽ። ግን ተቆጥቻለሁ ብለሽም ቢሆን ጻፊልኝ። ዝም አትበዪኝ።

ሰኔ 30 እየደረሰ ነው።

ት.


ደካ፣ ሰኔ 13 ቀን 1996 ዓ.ም.

የእኔ ትርንጎ፣

እንዲያ አትጨነቂ፣ አለሁ። ወንዙ ሞልቶ የግንዱን ድልድይ ወስዶት ነበር፤ አይሱዙው ወዲያ፣ እኛ ወዲህ ሆነን ሁለት ሳምንት ተቀመጥን። የቀሩትን አምስት ቀናት ግን ሆን ብዬ ነው የዘገየሁት። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ለምን እንደሆነ ስነግርሽ እኔም ብሆን እዘገይ ነበር ትያለሽ።

ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ተናደድኩ። ሁለተኛ አፈርኩ። ሦስተኛ ሳቅኩ፤ ኃይለመስቀል ከጓሮ ሮጦ እስኪመጣ ድረስ ሳቅኩ። ምክንያቱም ትርንጎ፣ እኔም አይቼ ነበር።

አዎ፣ እኔም! አንቺ በኪስሽ፣ እኔ በነጠላዬ ጫፍ ሥር። ግን እንዳንቺ ሙሉውን የመክፈት ድፍረት አልነበረኝም። ጥቅሉን ጥቂት ገለጥ አደረግሁትና የመጀመሪያውን ፊደል ራስ አየሁ። የ«በ» ራስ። እግሩ ከእጥፋቱ ውስጥ ቀርቷል። ከአሥራ አንዱ ዕጣ ቢታ ገነት አራት፣ ቦንጋ አንድ ብቻ እንደሆነ ጋሽ አባተ ራሳቸው ነግረውን አልነበር? «ቢታ ነው፣ አለቀልኝ» አልኩ። ያኔ ስለ ቢታ ሩቅነት የምናወራውን ታስታውሻለሽ፤ ስሙ ገነት ነው፣ ገነት ደግሞ የሚገባው ከሞት በኋላ ነው እያልን ስንሳለቅ ነበር። እንዲህ ሐሞቴ ፈሶ ሳለሁ አንቺ መጥተሽ «እንለዋወጥ» አልሽኝ። ሳቅሁ ትያለሽ፤ እንዴት አልስቅ! ምንም ያልጠየቅኩሽ እኮ ሐሳብሽን እንዳትቀይሪ ፈርቼ ነው።

ስለዚህ አንቺ ደካን ልትሰጪኝ፣ እኔ ቢታን ልሰጥሽ። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ! ቢታ ልሰድሽ አስቤ ቦንጋ ሰደድኩሽ። ዛሬ አንደኛ ክፍልን ጭምር ፊደል የማስቆጥር እኔ፣ «ልጆች፣ ፊደል የሚለየው በእግሩ ነው፣ እግሩን ሳታዩ አትጥሩት» እያልኩ የምጮኸው ለምን ይመስልሻል? እኔ በእግር ምክንያት የተመደብኩ ሰው ነኝ።

ማሩስ? በየዓመቱ ትልቁን ጣሳ የምልክልሽ ዝም ብሎ ነው? አንቺ በስኳር ንስሐ ስትገቢ እኔ በማር ስገባ ይኸው አሥር ዓመት። ጋሽ ሀብተ ማርያም የሁለታችንን ኃጢአት ሲያመላልሱ ኖሩ፤ ቢያውቁ የጭነት ያስከፍሉን ነበር።

ይህን ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም ትዪኝ ይሆናል። አንቺ ተጎዳች ብለሽ ስታዝኚልኝ፣ ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ጻፊ ካልኩሽ እኔም ልጻፍ እንጂ።

አሁን ስለ አባቴ። ይህን በሳቅ አላልፈውም። ቦንጋ ብሆን ኖሮ እደርስ ነበር፤ ልክ ነሽ፣ አልክድሽም። ዛሬም ሲዘንብ ያመኛል። ግን አንቺ ያላየሽውን ልንገርሽ። የዚያን ሳምንት እዚህ ቤት አባቴን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሰዎች በዝናብ ውስጥ መጥተው ተቀመጡልኝ። «አባትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» እያሉ አስወሩኝ። ሦስት ቀን አወራሁ። አገሬ ብሆን ሁሉም ስለሚያውቀው ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ይህ ያኛውን አይተካም። ቢሆንም ይህም ሆኗል፤ ሒሳብሽ ውስጥ ግን አላስገባሽውም።

ያችኛዋን ይመኙሻልን ደግሞ ሳስባት ሰነበትኩ። ዲግሪ ሰጠሻት፣ ቤት ሠራሽላት፣ በረንዳዋ ላይ አበባ ተከልሽላት። እግዜር ይስጥልኝ። ግን ታዘብኩሽ፤ አንድ ቀን እንኳ ጉንፋን አላስያዝሻትም፣ ከርዕሰ መምህር ጋር አላጣላሻትም። እውነተኛዋ አንቺ ቦንጋ ውስጥ ዳገቱ ጉልበትሽን ሲጨርሰው፣ ያችኛዋ በየትኛው መንገድ ሄዳ ነው ጉልበቷ የዳነው? ሰው ሲቆጭ አንዷን ወረቀት ብቻ ይለውጥና የቀረውን ሁሉ ያሳምረዋል። ወረቀቷም ሁልጊዜ ከእጃችን ለጥቂት ያመለጠችው ናት። አሜሪካ ብወለድ ኖሮ ብዬ አንድ ቀን አዝኜ አላውቅም፤ የእጥፋቷ ነገር ግን ስንት ጊዜ አስቃኛለች፣ ስንት ጊዜ አናዳኛለች!

እኔም እኮ ያንቺን ሠርቻለሁ። ባንለዋወጥ ኖሮ ደካ የምትመጪው አንቺ ነበርሽ። መጀመሪያ ቀን ቦቲ ጫማሽ ጭቃው ውስጥ ተቀርቅሮ፣ አንድ ቀፎ የተሸከመ ረጅም ሰውዬ ሸክሙን አውርዶ ጫማሽን ይመዝልሻል። ያ ሰውዬ ኃይለመስቀል ነው። አንድ ጊዜ ይህን ስነግረው፣ «ለመሆኑ ትርንጎ መልኳ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁለት ቀን አኮረፍኩት። ባልነበረ ነገር ባሌን አኮረፍኩት፣ ይታይሽ! ስለዚህ ዕጣዬን ወሰድሽ ብለሽ አታልቅሺ፤ እኔም ባልሽን ወስጄብሻለሁ።

አሁን ወደ ሥራዬ። የ«ኖሮ»ን ፈተና አረምኩ። «ኖሮ» የሚለውን ቃል ተጠቅማችሁ ዓረፍተ ነገር ሥሩ ነው ያልኩት። ወንጌላዊት እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «መምህርት ይመኙሻል ደካ አሥር ዓመት ኖሮ ሁላችንንም በስም ያውቃል።»

ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁ። «ኖሮ» ሳይሆን «ኖራ»፣ «ያውቃል» ሳይሆን «ታውቃለች» ብዬ አረምኩ። የጠየቅሁትም ያንን ኖሮ አልነበረም። ከዚያ እስክሪብቶው እጄ ላይ ቀረ። ለካ ቃሏ አንድ ናት፤ በ«ባይ» ስትመጣ ያልሆነ ነገር፣ ብቻዋን ስትቆም ሰው የኖረበት ዕድሜ። አሥር ዓመት ሳስተምራት አላየኋትም። ልጅቷ የዘነበውን ዝናብ የት እናድርገው ያለችኝ ልጅ ናት፤ ይኸው ማድረጊያ አገኘችለት። ከአሥር ስምንት ሰጠኋት፤ ሁለቱን ስለ ጾታዬ ቀነስኩ።

ኃይለመስቀል ፎርሙን ከመጽሐፍ ቅዱሱ አውጥቶ ሰጠኝ። «ከሄድሽ ቀፎዬን ተሸክሜ እከተልሻለሁ፤ ንቦቹን ግን መጠየቅ አለብኝ» አለኝ። ፈረምኩት። ይኸው ውስጡ አለ። ግን እንዲሁ አልሰጥሽም፤ በዕጣ የተለያየን ሰዎች በዕጣ እንወስን። ፖስታው ውስጥ ሁለት ጥቅል ወረቀት አለ፤ አንዱ ቦንጋ፣ አንዱ ደካ። ዓይንሽን ጨፍነሽ አንዱን አውጪ። ቦንጋ ከወጣ ፎርሙን አስገቢው፣ እመጣለሁ፤ ደካ ከወጣ ቅደጂው። ሌላውን እንዳትከፍቺ። በጋሽ አባተ ባርኔጣ ይዤሻለሁ!

ያንቺው አጭበርባሪ
ይመኙሻል


ቦንጋ፣ ሰኔ 27 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለአጭበርባሪዋ ጓደኛዬ፣

ደብዳቤሽን ቢሮ ውስጥ ነው ያነበብኩት። ጎን ያሉት ሰዎች መርዶ መጣባት ብለው ውሃ አመጡልኝ፤ አለቀስኩም ሳቅኩም። የ«በ»ን ራስ! እግሩን ሳታዪ! እንዲህ ዓይነት ሌባ ከእኔ ሌላ ያለ አልመሰለኝም ነበር። አሥር ዓመት የተሸከምኩትን ሸክም እዚያው ወንበሩ ላይ አወረድኩት፤ ጉልበቴ ሳይቀር የቀለለኝ መሰለኝ። ስለ አባትሽ የጻፍሽውን ግን ደጋግሜ አነበብኩት። አስቀምጬዋለሁ። ስላልሸነገልሽኝ አመሰግንሻለሁ።

ከሰዓት በኋላ በሬን ዘጋሁና ሁለቱን ጥቅሎች የጋሽ አባተ ባርኔጣ ስለሌለኝ በፀደንያ ኮፍያ ውስጥ ጨመርኳቸው። ዓይኔን ጨፍኜ፣ በእውነት ጨፍኜ፣ አንዱን አወጣሁ። ደካ።

ደነገጥኩ። እትዬ ብርቄ ግቢ ያለው ቤት፣ ልጆቻችን አብረው ሲማሩ፣ አንቺ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ስትጠብቂኝ፣ ሁሉም ዓይኔ ላይ መጣ። እስኪ አንዴ ቦንጋ የሚለውን እንኳ ልየው ብዬ ሌላውን ከፈትኩት። አውቃለሁ፣ አትክፈቺ ብለሽኛል። አመሌን ታውቂው የለ?

እሱም ደካ።

ከዚያ ገባኝ። እንደምከፍተው አውቀሽ ነው የጻፍሽው። ወንጌላዊት የጻፈችውን ደግሜ አነበብኩና ፎርሙን ቀደድኩት።

ቦታው ለተከታይዋ አለፈ። ማን መሰለችሽ? በእምነት የምትባል መምህርት፣ ከቢታ ገነት፣ ከአሥራ አንዳችን አንዷ፤ ያኔ ኋላ ረድፍ ተቀምጣ የነበረችው። ስልክ ተደውሎላት ትናንት መጣች። ስትፈርም፣ «ያኔ ይህ ቢደርሰኝ ኖሮ» ብላ ጀመረችና እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ቀጥላ ምን ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ግን እኮ ቢታን ወድጄዋለሁ» ብላ ዓይኗን ጠረገች። ጎረቤቶቿ ሦስት በቅሎ ጭነው እስከ አስፋልቱ ሸኝተዋታል። በቅሎዎቹ ተመልሰው ሄደዋል፤ ስለ ቢታ ስናወራ የነበረው ሁሉ ውሸት ነው።

ዛሬ ጠዋት ገበያ ወጣሁ። ያችኛዋ ይመኙሻል ሁልጊዜ የምትቆምበት ቦታ አንዲት ሴትዮ ጎመን ትሸጣለች። ጎመን ገዛሁና ወደ ቤቴ ገባሁ።

ስኳሩን መላክ አላቆምም፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን ስኳር ብቻ ነው። ማሩም ማር ብቻ ይሁን። ኃይለመስቀልን ሰላም በዪልኝ፤ መልኬን ለጠየቀውም ደህና ናት በዪው። ንቦቹንም አትጠይቋቸው፣ ይተኙበት።

ወንዙ ሲጎድል እንገናኝ። ለመስቀል ማን ወደ ማን ይምጣ የሚለውን በዕጣ እንለየው ብዬ እኔም ሁለት ወረቀት ጠቅልዬ ፖስታው ውስጥ ከትቻለሁ። ሳታዪ አውጪ እልሽ ነበር፤ ግን ይህን መስመር ከማንበብሽ በፊት ሁለቱንም ከፍተሽ ስሜን ሁለት ጊዜ እንዳነበብሽው አውቃለሁ። ቦቲ ጫማ አዘጋጂልኝ።

ትርንጎ